ከ1944 እስከ 1983፦ የአንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ የአገልግሎት ታሪክ

ከእኛ መካከል በሃይፋና በአሽዶድ የሚኖሩ ቤተሰቦች ወደ ወደቡ የሚገቡትንና ከወደቡ የሚወጡትን ግዙፍ መርከቦች ከባሕሩ ዳር ሆነው በየጊዜው ይመለከታሉ። ልጆቻችንም "ይህን የሚያህል ብረት እንዴት በውኃ ላይ ይንሳፈፋል? ማንስ ነው ደኅና መሆኑን የሚያውቀው?" እያሉ ይጠይቁናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የትምህርት ቤት መምህራን ሊመልሱት የሚችሉት ነው። ሁለተኛው ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ የብዙ ሰዎች ሕይወት የተመሠረተውም በእርሱ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የአንዲት አሜሪካዊት መርከብ ታሪክ፣ ከተሠራችበት ቀን አንሥቶ እስከ ሰመጠችበት ሌሊት ድረስ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱና ነዳጁ

እንደሚታወቀው አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በዲሴምበር 1941 ነው። በዚያን ዘመን በቴክሳስና በአካባቢው ከሚገኙት ጉድጓዶች የሚወጣው ነዳጅ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደሚገኙት ትላልቅ ከተሞችና ፋብሪካዎች የሚደርሰው በአብዛኛው በመርከብ ነበር። ከጃንዋሪ 1942 ጀምሮ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እስከ አሜሪካ ጠረፍ ድረስ መጥተው እነዚህን ነዳጅ ጫኞች እያደኑ ያሰምጡ ጀመር። የጠረፍ ከተሞች መብራታቸውን ገና ስላላጠፉ በሌሊት የሚያልፉት መርከቦች ከብርሃኑ ፊት ጎልተው ይታዩ ነበር። ነዳጅ ከሌለ ደግሞ አውሮፕላን አይበርም፣ ታንክም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጠላት ከሚያሰምጠው ይበልጥ በፍጥነት መሥራት የግድ ሆነ።

በዚህ ምክንያት "ቲ-2" በመባል የሚታወቁት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በአንድ ዓይነት ንድፍ በብዛት ተሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ድረስ ከ500 የሚበልጡ ቲ-2 መርከቦች የተሠሩ ሲሆን፣ ከእነዚህም 481ዱ ፍጹም ተመሳሳይ ዓይነት ነበሩ። የእያንዳንዷ ርዝመት 160 ሜትር ያህል ነው፤ ከ140,000 በርሜል በላይ ነዳጅ ትጭናለች። በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ የመርከብ ፋብሪካ ከእነዚህ መርከቦች አንዷን በ33 ቀን ሠርቶ ጨርሷል።

ይህን ሁሉ የሠሩት እነማን ናቸው? ቀድሞ የመርከብ ሠራተኛ የነበሩት ለዚህ ሁሉ ሥራ አይበቁም ነበር። ስለዚህ ከእርሻ የመጡ ገበሬዎች፣ ከቤት ውጭ ሠርተው የማያውቁ ሴቶች፣ ከደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሥራ ፍለጋ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ብየዳ ተምረው ወደ ሥራው ገቡ። ቀድሞ መርከብ የሚሠራው የብረት ሰሌዳዎቹን በጋለ ምስማር እየመቱ በማያያዝ ነበር። ይህ ረጅም ጊዜና ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ብየዳ ግን ፈጣን ነው፤ አዲስ ሠራተኛም ቶሎ ይማረዋል።

የሞተሩም አሠራር በጦርነቱ የተወሰነ ነበር። የእንፋሎት ተርባይን እጅግ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ፍጥነቱን ለመርከቧ መግፊያ የሚቀንሱ ትላልቅ ማርሾች ያስፈልጉታል። እነዚህን ማርሾች የሚሠሩት ፋብሪካዎች ግን ጥቂት ስለነበሩ የጦር መርከቦች ቅድሚያ ወሰዱባቸው። መሐንዲሶቹም ተርባይኑ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ መግፊያውን የሚያዞር ሞተር እንዲያንቀሳቅስ አደረጉ። ብልሃቱ ያለ ማርሽ መሥራት አስቻለ።

ከእነዚህ መርከቦች አንዷ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ በደላዌር ወንዝ ዳር በምትገኘው በቼስተር ከተማ፣ ሰን በሚባለው የመርከብ ፋብሪካ ተሠራች። በሜይ 2 ቀን 1944 ወደ ውኃ ወረደች፤ በዚያው ወር በ23 ደግሞ ተጠናቅቃ ለሥራ ተረከቧት። ስሟም "መስግሮቭ ሚልስ" ተባለ። የታሪካችን መርከብ ይህች ናት።

የብረቱ ምሥጢር

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እንደሚባለው፣ ጥድፊያው የራሱ ዋጋ ነበረው። በጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ በኦሬገን ክፍለ ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ከወደቡ ታስራ የቆመች "ስከኔክታዲ" የምትባል አዲስ ቲ-2 መርከብ ማዕበልም ጠላትም ሳይነካት ከፍተኛ ድምፅ አሰምታ ከሞላ ጎደል ለሁለት ተሰበረች። ከጦርነቱ በኋላም በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1952 "ፔንድልተን" እና "ፎርት መርሰር" የተባሉ ሁለት ቲ-2 መርከቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማዕበል፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አቅራቢያ ለሁለት ለሁለት ተሰበሩ። ያን ቀን በርናርድ ዌበር የተባለ የጠረፍ ጥበቃ ኃይል ባልደረባ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር 11 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ትንሽ ጀልባ ማዕበሉን ጥሶ ከፔንድልተን 32 ሰዎች አድኗል።

ብዙዎች በያጆቹን ወቀሱ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር ግን ዋናው ችግር ብረቱ ራሱ መሆኑን አሳየች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ብረት በሞቃት ጊዜ ሲጫኑት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ በብርቱ ብርድ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በምስማር በተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቁ ከሰሌዳው ጠርዝ ሲደርስ ይቆማል። በብየዳ የተያያዘ መርከብ ግን እንደ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው ሳያገኝ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ከዚህ የተነሣ በብዙዎቹ ቲ-2 መርከቦች ላይ ስንጥቅ የሚያቆሙ የብረት መቀነቶች ተጨመሩ።

ይህን የምንነግራችሁ እነዚህ መርከቦች ዋጋ ቢስ ነበሩ ለማለት አይደለም። ለጦርነቱ የተፈለገውን ሥራ ሠርተዋል፤ አብዛኞቹም ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሰላም ነዳጅ አመላልሰዋል። ነገር ግን በችኮላ የተሠራ ዕቃ ዕድሜው ሲገፋ የበለጠ ጥንቃቄና የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል።

ሦስት ስም፣ ሁለት ሥራ

ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት መርከቦቹን ለነጋዴዎች ሸጠ። በሜይ 1947 መስግሮቭ ሚልስን ጋልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ገዛትና "ጋልፍሚልስ" ብሎ ሰየማት። 14 ዓመትም ነዳጅ አመላለሰች።

በሜይ 1961 ደግሞ ማሪን ትራንስፖርት ላይንስ ለተባለ ድርጅት ተሸጠች፤ ሦስተኛና የመጨረሻ ስሟንም፣ "ማሪን ኤሌክትሪክ" የሚለውን፣ አገኘች። አዲሱ ባለቤት ነዳጅ ሳይሆን ደረቅ ጭነት እንድትጭን ስለፈለገ መርከቧ ተቆርጣ መካከሏ ተለወጠ። አዲሱ የመካከል ክፍል በጀርመን አገር በብሬመን አጠገብ ተሠርቶ አትላንቲክን ተጎትቶ ተሻገረ፤ በኖቬምበር 1962 በቦስተን ከአሮጌው የፊትና የኋላ ክፍል ጋር ተበየደ። ርዝመቷም ከ160 ወደ 184 ሜትር ከፍ አለ። እንግዲህ ከ1962 በኋላ መካከሏ አዲስ፣ ራሷና ጅራቷ ግን የ1944 ነበሩ።

አንባቢ "ለምን አዲስ አልሠሩም?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በገንዘብና በሕግ ላይ ነው። በ1920 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የአሜሪካ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ መርከብ በአሜሪካ የተሠራ መሆን ይገባዋል። በአሜሪካ አዲስ መርከብ ማሠራት ደግሞ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ የጦርነቱ ዘመን መርከቦች እየተቆረጡ፣ እየተቀጠሉ፣ እየተጠገኑ ለአሥርተ ዓመታት እንዲሠሩ ተደረገ። አንድ የጭነት መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ሠርቶ ጡረታ ይወጣል። ማሪን ኤሌክትሪክ ግን በ1983 መጀመሪያ ላይ 39 ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ያህል ብቻ ቀርቷት ነበር።

ምልክትም አልጠፋም ነበር። በ1944 የተሠራችና በኋላ ቀልጦ የፈሰሰ ድኝ እንድትጭን የተለወጠች "ማሪን ሰልፈር ክዊን" የምትባል ሌላ ቲ-2 መርከብ በፌብሩዋሪ 1963 ከ39 ሰዎች ጋር ደብዛዋ ጠፍቶ ቀርቷል። የቀሩት ግን መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ወረቀቱ ደኅና፣ ብረቱ የተበሳ

የማሪን ኤሌክትሪክ የመጨረሻ ሥራ ከቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ከኖርፎክ ወደብ የድንጋይ ከሰል ጭና በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሶመርሴት ላይ ላለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማድረስ ነበር። የከሰሉ ጎተራዎች ከላይ የሚዘጉት በትላልቅ የብረት ክዳኖች ነው። ማዕበል በመርከብ ወለል ላይ ሲያልፍ ውኃው ወደ ጎተራው እንዳይገባ የሚከለክሉት እነዚህ ክዳኖች ናቸው። ክዳኑ ከተበሳ ውኃው ይገባል፤ ውኃው ሲበዛ መርከቧ ትከብዳለች፣ ሚዛኗም ይዛባል።

የማሪን ኤሌክትሪክ ክዳኖች ዝገት በልቷቸው ነበር። የመርከቧ ወለልም በአንዳንድ ቦታ ተበስቶ ነበር። የመርከቧ የመጀመሪያ መኮንን የነበረው ሮበርት ኩሲክ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ቀዳዳዎቹንም መዝግቦ አመልክቷል። ክዳኖቹን የሠራው ፋብሪካ ተወካይም በ1982 አደገኛ መሆናቸውን አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም መርከቧ "ለጉዞ ብቁ ናት" የሚል የምስክር ወረቀት ነበራት።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደታወቀው፣ ክዳኖቹ ለጥገና ከመርከቧ ላይ ተነሥተው በነበሩበት ጊዜ "ተመርምረው ደኅና ሆነው ተገኝተዋል" ተብሎ ተጽፏል። መርከቧ ወደብ ላይ ባልነበረችበት ቀንም ምርመራ እንደተደረገ ተመዝግቧል። በተጨማሪም የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ከምርመራው ሥራ ከፊሉን ለአንድ የመርከብ ደረጃ መዳቢ ድርጅት አስተላልፎ ነበር፤ ለዚህ ድርጅት የሚከፍሉት ደግሞ የመርከቦቹ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። ገንዘብ ከፋይን ፊት ለፊት "ዕቃህ ብልሹ ነው" ማለት ለማንም ቢሆን ቀላል አይደለም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለተቆጣጣሪ ሁሉ የሚገባ ነበር፤ የጠረጠረ ግን አልተገኘም።

የፌብሩዋሪ 12 ሌሊት

በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1983 ማሪን ኤሌክትሪክ 24,800 ቶን ከሰል ጭና፣ 34 ሰዎች ይዛ ከኖርፎክ ተነሣች። በዚያ ሰሞን ብርቱ የክረምት ማዕበል በጠረፉ ላይ ይነሣ ነበር። ሞገዱ 7 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ነበረው። በማግሥቱ "ቴዎዶራ" የምትባል አነስተኛ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ውኃ እየገባባት መሆኑን ስላስታወቀች፣ ማሪን ኤሌክትሪክ በጠረፍ ጥበቃው ጥያቄ ጉዞዋን አቋርጣ ለእርዳታ ተመለሰች። ጀልባዋ አደጋውን ተቋቁማ ወደ ቨርጂኒያ ስትመለስ፣ ማሪን ኤሌክትሪክም ወደ ሰሜን ጉዞዋን ቀጠለች።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኮንኖቹ የመርከቧ የፊት ክፍል እንደ ወትሮው ከሞገዱ ላይ እንደማይነሣ ተመለከቱ። ውኃ ገብቶባት ነበር። ከንጋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀር፣ ማለትም በፌብሩዋሪ 12 ከጧቱ 3፡00 በፈረንጅ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሬዲዮ የእርዳታ ጥሪ አሰሙ። ከ4፡00 ሰዓት ጥቂት በኋላ ሰዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ለማውረድ ሲዘጋጁ መርከቧ በድንገት ወደ ጎን ተገለበጠች፤ ሁሉም ወደ ባሕሩ ተወረወሩ። ቦታው ከቨርጂኒያ ጠረፍ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የውኃው ሙቀት 4 ዲግሪ ገደማ ነበር። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ የሰው እጅና እግር በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብዙ ሰው በሕይወት አይቆይም። መርከበኞቹ ከብርድ የሚጠብቅ የባሕር ልብስ አልነበራቸውም። የጠረፍ ጥበቃው ሄሊኮፕተር ከ5፡00 ሰዓት በኋላ ደርሶ የማንሻ ቅርጫት ቢያወርድም፣ በውኃው ውስጥ ያሉት ሰዎች ቅርጫቱን ጨብጠው ሊገቡበት አልቻሉም፤ እጃቸው አይታዘዝም። ሄሊኮፕተሩ ላይ ደግሞ ወደ ውኃ ወርዶ የሚያነሣቸው ዋናተኛ አልነበረም። በኋላ የደረሰው የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ጄምስ ማካን የተባለ ዋናተኛ ይዞ ስለነበር፣ እርሱ ወደ ባሕሩ ዘሎ የሞቱትንም ያሉትንም ሲያወጣ አነጋ።

ከ34ቱ ሰዎች በሕይወት የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው መኮንን ሮበርት ኩሲክ፣ ሦስተኛው መኮንን ዩጂን ኬሊ፣ እንዲሁም መርከበኛው ፖል ዱዊ። ኬሊ ከጓደኞቹ ጋር የመንሳፈፊያ ቀለበት ይዞ ሳለ፣ ጓደኞቹ በብርድ እየደከሙ አንድ በአንድ ከአጠገቡ ጠፉ። ኩሲክ በውኃ የተሞላች ጀልባ አግኝቶ በውስጧ ቆየ። እያንዳንዱ ሞገድ በላዩ ሲያልፍበት እጁን እንዳይለቅ የረዳው፣ ካናዳዊው ዘፋኝ ስታን ሮጀርስ የሰመጠችን መርከብ መልሰው ስለሚያወጡ መርከበኞች የዘፈነው "ሜሪ ኤለን ካርተር" የተባለው ዘፈን እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል።

እውነቱ ሲወጣ

የጠረፍ ጥበቃ ኃይሉ መርማሪ ቦርድ አቋቋመ። የመርከቧ ባለቤት "መርከቧ የተጎዳችው ቴዎዶራን ለመርዳት በተመለሰች ጊዜ ከባሕሩ ወለል ጋር ተላትማ ነው" የሚል መከራከሪያ አቀረበ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የሞቱት ሰዎች ሊሆን ነው። ኩሲክ ግን ቀርቦ ያየውን ሁሉ መሰከረ፤ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ ክዳኖቹ ተናገረ። ሙሉ ዕድሜውን በባሕር ላይ ለኖረ ሰው በአሠሪው ላይ እንዲህ መመስከር ቀላል አልነበረም። ጠላቂዎችም ወርደው የሰመጠችውን መርከብ መረመሩ። ቦርዱ መርከቧ ከወደብ ስትነሣ ለባሕር ብቁ እንዳልነበረች፣ የክዳኖቹና የወለሏ መበላሸትም ለጥፋቱ ዋና ምክንያት መሆኑን አረጋገጠ። "ፊላደልፊያ ኢንኳየረር" የተባለው ጋዜጣ ሪፖርተሮችም የጦርነቱ ዘመን አሮጌ መርከቦችን ጉዳይ ተከታትለው ለሕዝብ አቀረቡ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ዕድሜያቸው የገፋ መርከቦች ምርመራ ጠበቀ፤ በዚህም ምክንያት ወደ 70 የሚጠጉ የጦርነቱ ዘመን መርከቦች ሥራ አቁመው ወደ ብረት መቁረጫ ተላኩ። በብርድ ባሕር የሚጓዙ መርከበኞች ሁሉ ከብርድ የሚጠብቅ የባሕር ልብስ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት የጠረፍ ጥበቃ ኃይሉ የራሱን አዳኝ ዋናተኞች እንዲያሠለጥን በሕግ ደነገገ፤ ከ1985 ጀምሮም ዋናተኞቹ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ዋናተኞች ከማዕበል መካከል ያወጧቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሮበርት ኩሲክም ለውጡን አይቶ በ2013 ዐርፏል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ውድ አንባብያን፣ በ1944 ይህችን መርከብ የሠሩት በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወደ ፋብሪካ የገቡ አዳዲስ ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው መርከቧን 39 ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ በባሕር ላይ አቆይቷታል፤ ስለዚህ የ31ዱ ሰዎች ሞት በእነርሱ አይሳበብም። መርከቧ ከእነርሱ እጅ ከወጣች በኋላ አሮጌውን እንዳሮጌነቱ የመያዝ፣ የተበሳውንም የተበሳ ነው ብሎ የመጻፍ ኃላፊነት የሌሎች ነበር።

ከእኛም ውስጥ በፋብሪካ፣ በግንባታ፣ በጥገናና በጽዳት ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሥራው ተመርምሮአል በሚል ቅጽ ላይ "እዚህ ፈርሙ" የሚባሉበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ቅጹም ገና በሚገባ ባልለመዱት ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅጹን የሚያነብላችሁ ሰው ጠይቁ፤ ዕቃውንም በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ፈርሙ። ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለኃላፊው አስታውቁ፤ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።